አሥራ ሁለት ዓመት ያላበበው ቦትል ብራሽ

አንዲት ሴት በበሯ ፊት በርጩማ ላይ ቆማ ተክል ትከረክም ነበር።

ይርጋለም ውስጥ ነው። ዝናብ በማይጠፋበት፣ የተተከለ ነገር ሁሉ ሳይለምኑት በሚበቅልበት አገር። ሴትየዋ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበረ፤ አንድ ኩርባ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ፌቨን የምትባል አንዲት ልጅ ትቶላት ሄደ።

ልጅቷ አንደኛ ክፍል በገባችበት ሳምንት እናትየው ከማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ አንድ ችግኝ ገዝታ በበሯ አጠገብ ተከለች። አበባው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ስለሚመስል ሰው ሁሉ ቦትል ብራሽ የሚለውን ተክል ታውቁታላችሁ። መንገድ ዳር አይታችሁታል። ቀይ ነው፤ ጸጉራም ነው፤ ሲያብብ ቅርንጫፉ ሁሉ እሳት የተያያዘ ይመስላል። እሷም ያንን አይታ ነው የገዛችው።

ችግኙ ጸደቀ። አደገ። ቅጠሉ ጠነከረ። አበባ ግን የለም።

አንድ ዓመት ጠበቀች። የለም። ሦስት ዓመት ጠበቀች። የለም። የከብት ፍግ አደረገችለት። አመድ ነሰነሰችለት። የቡና አተላ አፈሰሰችለት። በበጋ ቧንቧው ደርቆ ሰው የሚጠጣው ውኃ ሲጠፋ እንኳ እሱን አጠጣችው። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች፤ ተክሉ አንድም ቀን አላበበም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ዛሬ በዚህ ጉባኤ የተሰበሰባችሁ እናቶቼ። ጥፋቱ የማን ነው? የአፈሩ ነው? የዝናቡ ነው? የችግኙ ነው?

ሴትየዋ ሰነፍ አልነበረችም። ይህን እወቁልኝ። ተክሉን የጣለችው፣ የረሳችው ሴት አይደለችም። እንዲያውም በየበዓሉ ዋዜማ የአጥር መቀሷን ይዛ ትወጣለች። ለእንቁጣጣሽ ትከረክመዋለች። ለገና ትከረክመዋለች። ለፋሲካ ትከረክመዋለች። እናንተስ? ለበዓል የጽድ አጥሯን የማታስተካክል፣ ደጇን የማታሳምር ከመካከላችን ማን አለች? እሷም እንዲሁ ነው ያደረገችው። መቀሱን ስታስቀምጥ ቦትል ብራሹ ከጸጉር ቤት እንደ ወጣ ልጅ ድቡልቡል ብሎ ይቆማል። አላፊ አግዳሚው "እንዴት ያምራል!" ይላታል።

በበዓልና በበዓል መካከል ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። አንድ ቅርንጫፍ ረዘም ብሎ ታየዋለች። ልቧ ትር ይላል። "ይሄ ነገ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይነካል።" ቀጭ! አንዱ ወደ ጎን ሰፋ ይላል። "እዚህ ውስጥ ሌባ ቢሸሸግስ?" ቀጭ! አንዱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ይላል። "ይሄ ቢያብብ ንብ ያመጣል፤ ንቡ ቤት ገብቶ ልጄን ይነድፍብኛል።" ቀጭ!

አያችሁ? አበባውን ትፈልገዋለች። ንቡን አትፈልገውም።

ጎረቤቷ እትዬ በላይነሽ በአጥር ላይ አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ።

"ዛሬ ደግሞ ምን አደረገሽ ምስኪኑ?"

"ወደ ሽቦው እየሄደ ነው እኮ እትዬ።"

"ሽቦው እኮ ያውልሽ ከመንገዱ ማዶ! እዚያ ለመድረስ አውቶቡስ መሳፈር አለበት።"

"ይስቁብኝ። ቤቴ ሲቃጠል ያያሉ።"

"እኔማ የማየው መቀስሽ ሲያልቅ ነው!"

ሽቦው አልተነካም። ሌባ አልመጣም። ንብ አልመጣም። እሷ ግን ያልመጣውን ሁሉ አስቀድማ ትቆርጠው ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ይህች ሴት አንድ መቀስ ብቻ አልነበራትም።

ፌቨን አራተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ሐዋሳ ሐይቅ ሊያሳይ ተነሣ። "ሐይቅ ነው፤ ትሰጥሚብኛለሽ" አለች እናትየው። ልጅቷ ቀረች። ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ለሩጫ መረጧት። "ልብሽ ይደክምብኛል።" ቀረች። የወጣቶች መዘምራን ውስጥ ልትገባ ፈለገች። "ልምምዱ ሲያልቅ ይመሻል።" ቀረች። ዘጠነኛ ክፍል ዲላ ላይ የሳይንስ ውድድር ነበር። "መንገዱ ጥሩ አይደለም።" ቀረች።

ልጇን አንድ ቀን መትታት አታውቅም። ድምጿን ከፍ አድርጋባት አታውቅም። ለእያንዳንዱ "አይሆንም" ምክንያት ነበራት። እኛ እናቶች መቼ ምክንያት አጥተን እናውቃለን? ምክንያቱም ውሸት አልነበረም። ሐይቅ ያሰጥማል። ይመሻል። መንገድ ይገለብጣል፤ እሷ ደግሞ ይህን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች።

ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ልጅቷ መጠየቅ ተወች።

እናትየው ምን አለች መሰላችሁ? "ልጄ ጨዋ ናት። አታስቸግረኝም" አለች። እኛም በቤተ ክርስቲያን "ልጅሽ የተባረከች ናት" አልናት። ሁላችንም አመሰገንናት። ማናችንም ግን ያ ዝምታ ምን እንደ ሆነ አልጠየቅንም።

አንድ ማክሰኞ ሴትየዋ ከተክሉ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነች። "ይበቃኛል! ነቅዬው ሎሚ እተክላለሁ" አለች። በችግኝ ጣቢያው ብዙ ዘመን የሠሩትን፣ አሁን በጡረታ ያሉትን ጋሽ ዳንጊሶን አስጠራች። ሽማግሌው ዶማቸውን ተሸክመው መጡ።

ዶማውን ግን አላነሡትም። ተክሉን ዞሩት። የቅርንጫፉን ጫፍ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"የፌቨን እናት፣ ለምንድን ነው የሚነቀለው?"

"አያብብማ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁት። መካን ነው የሸጡልኝ።"

"እኔ ነኝ እንዴ የሸጥኩልሽ?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ! ቀይ አበባ አለው ብለው።"

ሽማግሌው ሳቁ። "አለው። መቼ መቼ ነው የምትከረክሚው?"

"ለበዓል ለበዓል። በመሀሉም ሲያስፈራኝ።"

"ሲያስፈራሽ?"

"ሲረዝም።"

ጋሽ ዳንጊሶ እንደገና ወደ ተክሉ ተመለሱ። ከዚያ ከግድግዳው በኩል፣ ሰሞኑን መቀሷ ያልደረሰበትን አንድ ቅርንጫፍ ፈልገው ጎንበስ አደረጉላት። ጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያህል፣ በስስ ቅርፊት የተጠቀለለ እብጠት ነበረ።

"ይህን እይ። ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ። በሽታ ነው?"

"አበባ ነው። ገና አልተፈታም። ይህ ተክል አበባውን የሚይዘው ጫፉ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ የምትቆርጪው ጫፉን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አበባ ሊያወጣልሽ ሲሞክር ነበር፤ አንቺ እየቆረጥሽ ስትጥዪው ነበር።"

ሴትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ። "ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ! ችግኙን ይዘሽ ስትሮጪ ነው የማስታውሰው። ልጄ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው፣ በር ላይ ካላገኘችኝ ትጠፋለች ብለሽ።"

"እንግዲህ ጭራሽ መቀስ አይነካውም ማለት ነው?"

"ይነካዋል እንጂ። ያልተነካውን ከፈለግሽ የበላይነሽን እይ።" በአገጫቸው ወደ ጎረቤት አመለከቱ። የእትዬ በላይነሽ ቦትል ብራሽ የሰው እጅ አርፎበት አያውቅም። ሽቅብ ተመዞ፣ ታቹ ራቁቱን ቀርቶ፣ አበባው እዚያ ላይ ሰው በማይደርስበት ቦታ ነው። ሐምሌ ላይ ነፋስ አንዱን ትልቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎት ነበር። "መጀመሪያ ያብብልሽ። አበባው ይርገፍ። ያኔ ልክ ከአበባው ኋላ፣ ቅጠል ካለበት ቦታ ትቆርጫለሽ። ከዚያች ቦታ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ያወጣልሻል። ሳያብብ ከቆረጥሽው ግን ቅጠል ብቻ ነው የምታሳድጊው።"

ይህን ሲናገሩ ፌቨን በብርጭቆ ውኃ ይዛላቸው ወጣች። ሽማግሌው ተቀበሏትና ጠየቋት።

"አንቺስ ልጄ? የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጣ ሲሉ ሰማሁ።"

"ወጥቷል ጋሼ።"

"ደረሰሽ?"

"ደርሶኛል።"

"እሰይ! መቼ ትሄጃለሽ?"

"አልሄድም።"

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች። "ምኑ ነው የደረሰሽ?"

"ምደባው። ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው።" አንድ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ስም ጠራች። "ምዝገባው አርብ ያበቃል።"

ጋሽ ዳንጊሶ ውኃውን ጨለጡ፣ ብርጭቆውን በርጩማው ላይ አስቀመጡ፣ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። "እኔ ሌላ ቀን ብመለስ ይሻላል" ብለው ሄዱ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ሰው ያብዛልን።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች እናት።

"ብነግርሽ ምን ትያለሽ እማ?"

እናትየው አፏን ከፈተች። "መንገዱ…" አለች።

"አየሽ" አለች ልጅቷ። አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። "እዚሁ ኮሌጅ እማራለሁ። ችግር የለውም።"

ችግር የለውም! እናቶቼ፣ ከዚህ ቃል በላይ የሚያስፈራ ቃል ታውቃላችሁ? ልጅቷ ብትጮህ ኖሮ፣ በር ወርውራ ብትዘጋ ኖሮ፣ "አንቺ መቼም አትረጂኝም!" ብትል ኖሮ፣ ገና የሚገፋ ነገር ውስጧ አለ ማለት ነበር። የሚጮህ ልጅ ገና አልተወም። ልጅቷ ግን እናቷን መጠበቅ አላስፈለጋትም። መቀሱን ራሷ ይዛዋለች። ምኞቷ ብቅ ሲል ራሷ ትቆርጠዋለች፤ ከዚያ "ችግር የለውም" ትላለች።

ይህን ያስተማራት ማን ነው?

ረቡዕ ጠዋት እናትየው እንጀራና ሻይ አቀረበችና ቁርጥ ባለ ድምፅ "እሺ፣ ሂጂ። ፈቅጄልሻለሁ" አለች። ያን ቃል ለማውጣት ስንት ነገር ከልቧ እንደ ቆረጠች እግዚአብሔር ያውቃል። ልጅቷ ደስ ብሏት ትዘላለች ብላ ጠበቀች።

"አልፈልግም እማ" አለች ፌቨን።

"እንዴት አትፈልጊም?"

"እንጃ። ትቼዋለሁ።"

በቃ! ፈቃዱ ደረሰ፤ የሚቀበለው ጠፋ። ቡቃያን በጣት ፈልቅቃችሁ ብትከፍቱት አበባ ይሆናል? አይሆንም። በግድ አትሂጂ ሲሏት የኖሩትን ልጅ በግድ ሂጂ ማለትም ያው መቀስ ነው።

ሴትየዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። የአንድ ልጅ ሱሪ ሁለቱን እግር አጋጥማ ሰፍታ ነበርና ፈታችው። እንደገና ሰፋች። እንደገና ተሳሳተች። ከዚያ መኪናውን ዘጋችና ፌቨን ምስር የምትለቅምበት ቦታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ከሰፌዱ ላይ እፍኝ ምስር ወደ ራሷ ሳበች። ሁለቱም ይለቅሙ ጀመር።

"ፌቪዬ፣ እኔ ባልፈራ ኖሮ ምን ነበር መማር የምትፈልጊው?"

ልጅቷ ቀና አላለችም። "ምንም።"

እናትየው ብዙ ልትል ትችል ነበር። "እየጠየቅኩሽ እኮ ነው!" ልትል ትችል ነበር። ተነሥታ ልትሄድ ትችል ነበር። አላደረገችውም። ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አንድ ነገር አደረገች። ዝም አለች። ምስር ለቀመች። ድንጋዩን ወደዚህ፣ ምስሩን ወደዚያ። እንደገና ድንጋዩን ወደዚህ፣ ምስሩን ወደዚያ። የሰፌዱ ግማሽ አለቀ።

"ብነግርሽ ትደነግጫለሽ" አለች ልጅቷ።

"ልደንግጥ።"

"መንገድ።"

"የምን መንገድ?"

"መንገድ መሥራት። መሐንዲስ መሆን።" ልጅቷ አሁንም ምስሩን ነው የምታየው። "ያን ጊዜ ለአጎቴ ለቅሶ ስንሄድ አባባ የሞተበት ኩርባ ላይ አለፍን። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር። እኔ አየሁት። መንገዱ ወደ ገደሉ ነው ያዘነበለው እማ። ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ነበር ማዘንበል ያለበት። መኪናውን ወደ ውስጥ እንዲይዘው። የፊዚክስ አስተማሪያችንን ጠየቅሁት፤ በሰሌዳ ላይ ሣለልኝ። አባባ አልተሳሳተም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።"

እናትየው እጇ ምስሩ ላይ ቀረ።

አሥራ ምናምን ዓመት ሰው ሁሉ "ፍጥነት ነው፣ እንቅልፍ ነው" ሲል ሰምታለች። እሷም በልቧ ባሏን ስትወቅሰው ኖራለች። ልጇ ይህን ነገር ስንት ዓመት ተሸክማው ነበር? አንድም ቀን አልነገረቻትም። ለምን ትንገራት? "መንገድ" የሚለው ቃል በዚያ ቤት የሚነሣው ለመከልከል ብቻ ነበር።

አሁን የሴትየዋን ልብ ተመልከቱ። ገደሉ ታያት። ፀሐዩ ታያት። ድንጋይ የሚፈነቅለው ማሽን፣ ድማሚቱ፣ ልጇ በማያውቋት ወንዶች መካከል በበረሃ ድንኳን ውስጥ ስታድር ታያት። ሁሉም ቃል ሆኖ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። እየመረራት ዋጠችው።

"ቀጥዪ" አለች።

ፌቨንም ቀጠለች። ስለ ድልድይ አወራች። ስለ ውኃ ቦይ አወራች። ምስሩ አለቀ፤ ወሬዋ ግን አላለቀም። እናትየው ልጇ ይህን ያህል ቃል እንዳላት አታውቅም ነበር። በመጨረሻ ልጅቷ ሰፌዱን አራግፋ ቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

"ለአርብ ይደረሳል እማ?"

"ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ከተነሣን ይደረሳል።"

"ከተነሣን? አንቺም?"

"እስከ በሩ ድረስ ብቻ።"

ሐሙስ ተሳፈሩ። ያ ኩርባ መንገዳቸው ላይ ነበር። ሴትየዋ ዓይኗን አልጨፈነችም ብላችሁ እንዳታስቡ። ጨፈነች። የልጇንም ክንድ አጥብቃ ያዘች፤ ኋላ ላይ ጣቶቿ የያዙበት ቦታ ቀልቶ ነበር። ፍርሃቷ አልለቀቃትም። ግን "አትይ፣ አንቺም ጨፍኚ" አላለቻትም። ልጅቷ ግንባሯን ከመስታወቱ አስጠግታ ኩርባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው።

አርብ ከሰዓት በፊት ተመዘገበች። እናትየው ብቻዋን ተመለሰች።

ተክሉስ? ሎሚ አልተተከለም። መቀሱ አረፈ። ለገና ደጁ አላማረም፤ ቅርንጫፉ እንደ ፈለገ ወጥቶ፣ እትዬ በላይነሽ "ዘንድሮ ጸጉር ቆራጩ የት ሄደ?" ብለው ቀለዱ። ሴትየዋ በመስኮት እያየች እጇን ይበላት ነበር። የረዘመውን ስታይ አሁንም ልቧ ትር ይላል። ሚያዝያ ላይ ግን ጫፍ ጫፉ ቀላ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተክሉ በሙሉ ነደደ። ከመንገድ ማዶ ያሉ ሰዎች ቆመው ያዩት ነበር።

ንቡም መጣ። ነደፋትም! የዓይኗ ቆብ ላይ። ሁለት ቀን በአንድ ዓይን ሰፋች። ሦስተኛው ቀን ዳነ።

አበባው ሲረግፍ ጋሽ ዳንጊሶ መጥተው አሳዩዋት። ልክ ከአበባው ኋላ። ቅጠል ካለበት። እሳቸው ሦስት ቆረጡ፤ ቀሪውን እሷ ቆረጠች። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለትም ሦስትም ቀንበጥ ወጣ።

ፌቨን ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ አንድ የሒሳብ ትምህርት ወድቃ መጣች። ይህንንም ልንገራችሁ፤ ሁሉ ነገር ሠመረ ብዬ እንዳላታልላችሁ። ከጓደኞቿ ጋር ብዙ ጊዜዋን አጥፍታ ነበር። እናትየው አስቀምጣ ነገረቻት። ጠንከር አድርጋ። ልጅቷም ሰማች፤ አለቀሰች፤ ክረምቱን አጥንታ ፈተናውን ደገመች። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እናትየው "ይኸው! ብዬ ነበር!" ብላ ታስቀራት ነበር። አሁን ግን የትኛውን መቁረጥ እንዳለባት፣ የት ላይ እንደምትቆርጥ ታውቃለች።

እናቶቼ፣ ጌታም ይቆርጠናል። ተቆርጠን እናውቃለን፤ እዚህ የተቀመጥነው ሁላችን ጠባሳ አለን። ግን እጁን አስተውላችሁታል? እሱ ደንግጦ አይቆርጥም። ነገ የሚመጣውን ፈርቶ ዛሬ ጫፋችንን አይጥለውም። ስንወጣ ያየናል፤ ስንዘረጋ ያየናል፤ ንቡንም ያውቀዋል። መጀመሪያ እስክናብብ ይጠብቀናል። ከዚያ በኋላ ቢቆርጠን እንድንበዛ ነው። እኛ ግን በልጆቻችን ላይ መቀስ ስንይዝ በማን እጅ ነው የምንይዘው? በእሱ እጅ ነው ወይስ በፍርሃታችን እጅ?

ከመካከላችን የፈራችው የደረሰባት እናት አለች። አውቃለሁ። ለእሷ "አትፍሪ፣ ምንም አይመጣም" አልልም። ይመጣል። ሕይወት ነው፤ ይመጣል። ለማናችሁም "ልጃችሁን ልቀቁት፣ ምንም አይሆንም" ብዬ ቃል አልገባላችሁም፤ የእኔ ያልሆነ ቃል ነው። የምላችሁ ይህን ብቻ ነው። ያልደረሰውን ነገር ፈርታችሁ የደረሰውን ልጅ አትቁረጡት።

ስንት ዓመት ነው "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ጠብቅልኝ" ስንል የኖርነው? መልካም ጸሎት ነው። እኔም አልተውም፤ እናንተም አትተዉ። ግን ጌታ መልሶ "ምን እንዲሆንልሽ ነው የምጠብቀው?" ቢለን መልስ አለን? ልጃችን ምን መሆን እንደሚፈልግ እናውቃለን? ወይስ ምን እንዳይሆን እንደምንፈልግ ብቻ ነው የምናውቀው?

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጃችሁን ጠይቁት። ስለ ፈተና ውጤት አትጠይቁት፤ ስለ ልብስ አትጠይቁት። "እኔ ባልፈራ ኖሮ ምን ትፈልግ ነበር?" በሉት። ከዚያ ዝም በሉ። መልሱ ያስደነግጣችሁ ይሆናል። ደንግጡ፤ ግን ዝም በሉ።

ምናልባት ቶሎ አይመልስላችሁም። ምናልባት ዓይኑን ሳያነሣ "ምንም" ይላችኋል። ያኔ አትከፉ። አትነሡ። አጠገቡ ቁጭ በሉ። ጌታም እኛን "ምንም" ባልነው ቁጥር ተነሥቶ አልሄደም።